አልሞን ስትሮውጀር፦ የጥሪን ትእዛዝ ከሰው እጅ ያወጣው ቀብር አስፈጻሚ

መግቢያ

አንድ ሰው ተንቀሳቃሽ ስልኩን አንሥቶ ወደ ዘመዱ ሲደውል ከድምፁ ቀድሞ የሚጓዝ ነገር አለ። ስልኩ በአቅራቢያው ለሚገኘው የአንቴና ጣቢያ መኖሩን ያሳውቃል፤ አገልግሎት ይጠይቃል፤ ጣቢያውም ጥያቄውን ወደ ዋናው አውታር ያሻግራል። ዋናው አውታር የደዋዩን ማንነት ያረጋግጣል፤ ተጠሪው የት እንዳለ ያፈላልጋል፤ ከዚያም የንግግሩን መንገድ ይከፍታል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ባለሙያዎች የምልክት ልውውጥ ወይም ሲግናሊንግ በሚሏቸው አጫጭር መልእክቶች ነው። ተነጋጋሪዎቹ እነዚህን መልእክቶች አይሰሟቸውም። ሆኖም ማን ከማን ጋር፣ መቼና በየትኛው መንገድ እንደሚገናኝ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

የደዋዩ መሣሪያ ራሱ ለአውታሩ ትእዛዝ እንዲሰጥ የሚያስችለውን ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝብ አገልግሎት ያደረሰው ሰው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አልነበረም። በወጣትነቱ ወታደር፣ ከዚያም የገጠር መምህር፣ በመጨረሻም ቀብር አስፈጻሚ የነበረው አሜሪካዊው አልሞን ብራውን ስትሮውጀር ነው። ይህ ጽሑፍ የስትሮውጀርን ሕይወት በአጭሩ ይተርካል፤ ሕይወቱ ያነሣውንም ጥያቄ እስከ ዛሬው የተንቀሳቃሽ ስልክ አውታር ድረስ ይከተላል። ጥያቄውም የጥሪ ትእዛዝ ከደዋይ ወደ ተጠሪ ሲያልፍ በመካከል የቆመው አካል ምን ያህል ሊታመን ይገባዋል የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፔንፊልድ ወደ ካንሳስ

ስትሮውጀር በ1839 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቸስተር ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ፔንፊልድ ተወለደ። ስለ ልጅነቱ ከሚነገሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ የእጅ ብልሃትን የሚመለከት ነው። እናቱ ለልጆቿ የቤት ሥራ ስታዝዝ፣ አልሞንና ወንድሞቹ ሥራውን በቀጥታ ከመሥራት ይልቅ ሥራውን የሚሠራላቸው መሣሪያ ለመፈልሰፍ ይሞክሩ ነበር ይባላል። ትረካው ከዝናው በኋላ የተቀባባ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከኋለኛው ሥራው ጋር ይስማማል።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ስትሮውጀር በሰሜኑ ወገን ተሰልፎ በስምንተኛው የኒው ዮርክ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር አገለገለ፤ በመኮንንነት ማዕረግም ከሠራዊቱ ወጣ። ከጦርነቱ በኋላ እንደ ብዙ የዘመኑ ወጣቶች ፊቱን ወደ ምዕራብ አዞረ። ለተወሰኑ ዓመታት በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተማረ፤ ከዚያም በካንሳስ ግዛትና በአጎራባቿ ካንሳስ ሲቲ የቀብር አስፈጻሚነትን ንግድ ያዘ።

ይህን ሙያ በሚገባ ለመረዳት የዚያን አገር ልማድ ማስታወስ ያሻል። በኢትዮጵያ ዕድር በጋራ የሚሸከመውን ተግባር፣ ማለትም አስከሬን ማዘጋጀትን፣ ሣጥን ማቅረብንና ቀብር ማስፈጸምን፣ በአሜሪካ ከተሞች በክፍያ የሚያከናውነው ግለሰብ ነጋዴ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት አስፈጻሚዎች ካሉ ለአንድ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ጥሪ ይሽቀዳደማሉ። ሐዘንተኛው ደግሞ ዋጋ አያወዳድርም፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይቀጥራል። ስለዚህ ለዚህ ነጋዴ የመጀመሪያው ጥሪ ለማን ደረሰ የሚለው ጉዳይ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። ስልክ ወደ ከተሞቹ ሲገባ የመጀመሪያው ጥሪ የሚያልፍበት በር በአንድ ሰው እጅ ወደቀ። ያ ሰው የስልክ ማዕከሉ ኦፕሬተር ነበር።

በመካከል የተቀመጠው ሰው

የመጀመሪያው የንግድ ስልክ ማዕከል ሥራ የጀመረው በጥር 1878 በኮኔቲከት ግዛት፣ በኒው ሄቨን ከተማ ሲሆን፣ ደንበኞቹ ሃያ አንድ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በቦስተን ሴቶች በኦፕሬተርነት መቀጠር ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራው በአብዛኛው የሴቶች ሆነ።

የአሠራሩ ሥርዓት ቀላል ነበር። ደዋዩ የስልኩን እጀታ ሲያሽከረክር የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በማዕከሉ ሰሌዳ ላይ የደዋዩን መስመር የምታመለክት ትንሽ መዝጊያ ያወርዳል። ኦፕሬተሯ መዝጊያዋ ስትወድቅ አይታ ገመዷን በደዋዩ ቀዳዳ ትሰካለች፤ ማንን እንደሚፈልግ ትጠይቃለች፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ በተጠሪው ቀዳዳ ሰክታ ደወል ታሰማለች። ዛሬ ሲግናሊንግ የሚባለው ተግባር በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። ከስልኩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ደዋዩ አገልግሎት መፈለጉ ነው። ዋናው ትእዛዝ፣ ማለትም የተጠሪው ማንነት፣ የሚተላለፈው በሰው አንደበትና በሰው ጆሮ ነው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ደዋዩ የተጠሪውን ስም ከተናገረ በኋላ በቃሉ ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ኦፕሬተሯ ልትሳሳት ትችላለች፤ መስመሩ ሳይያዝ ተይዟል ልትል ትችላለች፤ ወደ ሌላ ሰው ልታዞር ትችላለች፤ ንግግሩንም ልታዳምጥ ትችላለች። ብዙዎቹ ኦፕሬተሮች በትጋትና በታማኝነት ያገለገሉ መሆናቸው አይካድም። የሥርዓቱ ደካማ ጎን ግን ከባሕርያቸው ጋር የተያያዘ አልነበረም። ታማኝነቱ ቢጎድል ደዋዩም ተጠሪውም የሚያውቁበት መንገድ አለመኖሩ ነበር።

ቅሬታና ፈጠራ

ስትሮውጀርን ወደ ፈጠራ የገፋው ይኸው ጉድለት እንደሆነ ይነገራል። ታሪኩ በብዙ መልክ ይተረካል። በሰፊው በተሰራጨው መልኩ፣ የከተማው ኦፕሬተር የተፎካካሪ ቀብር አስፈጻሚ ሚስት ነበረች፤ የስትሮውጀርን አገልግሎት የሚፈልጉ ደዋዮችንም ወደ ባሏ ታገናኝ ነበር። ድርጊቱ በየትኛው ከተማ እንደተፈጸመ ትረካዎቹ አይስማሙም። ስለሆነም ዝርዝሩን እንደ ተረጋገጠ ታሪክ መውሰድ አይገባም። ዋናው ቁም ነገር ግን በዝርዝሩ ላይ አይመሠረትም። ስትሮውጀር ጥሪዎች እየጠፉበት መሆኑን አምኗል፤ ጥርጣሬውን ማረጋገጥም ሆነ ማስወገድ የሚችልበት ዘዴ አልነበረውም። ከሌሎች ቅሬተኞች የተለየው ኦፕሬተሯን በማስቀየር ፈንታ ቦታዋን ራሱን ለማስቀረት በመነሣቱ ነው።

ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። በ1879 ዳንኤልና ቶማስ ኮኖሊ ከቶማስ ማክታይ ጋር ሆነው በራሱ ለሚሠራ የስልክ ማዕከል የፈጠራ መብት አውጥተው ነበር፤ መሣሪያቸው ግን ለሕዝብ አገልግሎት አልበቃም። ስትሮውጀር በወንድሙ ልጅ በዋልተር እየታገዘ ሞዴሉን ሠራ፤ ማርች 12 ቀን 1889 የፈጠራ መብት ማመልከቻ አቀረበ፤ ማርች 10 ቀን 1891 በቁጥር 447,918 መብቱ ተሰጠው።

የመሣሪያው መሠረተ ሐሳብ በሁለት እንቅስቃሴዎች ላይ ይቆማል። የደንበኞቹ መስመሮች ጫፎች በአንድ ሲሊንደር ውስጠኛ ገጽ ላይ በረድፍ ተደርድረዋል። በመካከሉ ያለ ዘንግ ክንድ ተሸክሟል። ዘንጉ በመጀመሪያ በሲሊንደሩ ቁመት አቅጣጫ እየተራመደ ረድፉን ይመርጣል፤ ቀጥሎ እየዞረ በረድፉ ውስጥ ያለውን ጫፍ ይነካል። ዘንጉን የሚያንቀሳቅሱት የኤሌክትሮማግኔት ቁልፎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ከስልኩ የሚላክ የኤሌክትሪክ ምት ዘንጉን አንድ ደረጃ ብቻ ያራምደዋል። ሥርዓቱ ኋላ ደረጃ በደረጃ የሚል ስያሜ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የምልክት ልውውጥን ታሪክ ለሚያጠና ሰው የዚህ ንድፍ ዋና ቁም ነገር ትእዛዙ የተጻፈበት ቋንቋ ነው። ለኦፕሬተር የሚነገረው ስም ትርጓሜ ይሻል፤ ሰሚው ማስተዋል፣ ማስታወስና መወሰን አለበት። ለስትሮውጀር መሣሪያ የሚላከው ምት ግን ትርጓሜ አይሻም። ምቱ ራሱ እንቅስቃሴ ይሆናል። በመካከል የሚያስብ አካል ስለሌለ በመካከል የሚያዳላ አካልም የለም።

ላ ፖርት፣ 1892

የፈጠራ መብት ብቻውን ማዕከል አያቆምም። የስትሮውጀርን ሥራ ወደ ንግድ ያሸጋገረው ጆሴፍ ሃሪስ የተባለ ነጋዴ ነው። በ1891 በቺካጎ በስትሮውጀር ስም የተሰየመ የአውቶማቲክ ስልክ ማዕከል ኩባንያ ተቋቋመ። ኩባንያው የቀጠራቸው ባለሙያዎች፣ በተለይም አሌክሳንደር ኪት፣ ቀጥሎም ወንድማማቾቹ ጆንና ቻርልስ ኤሪክሰን፣ የመጀመሪያውን ንድፍ በፋብሪካ ሊመረት ወደሚችል መሣሪያ ለወጡት።

የመጀመሪያው የሕዝብ አገልግሎት ኖቬምበር 3 ቀን 1892 በኢንዲያና ግዛት፣ በላ ፖርት ከተማ ተመረቀ። ደንበኞቹ ሰባ አምስት ያህል ነበሩ፤ ማዕከሉም ዘጠና ዘጠኝ መስመሮችን ሊያስተናግድ ይችል ነበር። እያንዳንዱ ስልክ የአሥር ቤትና የአንድ ቤት አኃዞችን የሚልኩ ቁልፎች ነበሩት። ቁጥር 28ን የሚፈልግ ደንበኛ የአሥር ቤቱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ፣ የአንድ ቤቱን ቁልፍ ስምንት ጊዜ ይጫናል። ንግግሩ ሲያበቃ መስመሩን ለመፍታት የተለየ ቁልፍ መጫን ነበረበት። ምቶቹ በየራሳቸው ሽቦ ስለሚጓዙ ከአንድ ደንበኛ ቤት ወደ ማዕከሉ በርካታ ሽቦዎች መዘርጋት ነበረባቸው። አሠራሩ ውድና ለስሕተት የተጋለጠ ነበር፤ ቆጥሮ መጫን ያለበት ደንበኛው ራሱ ነውና።

ያም ሆኖ በላ ፖርት የተከናወነው ነገር እስከ ዛሬ የጸና ነው። ደዋዩ መጥራት መፈለጉንና የተጠሪውን አድራሻ በመሣሪያው አማካይነት ለአውታሩ ላከ፤ አውታሩም ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት ትእዛዙን ፈጸመ፤ ሲያበቃም መስመሩን ፈታ። ጥሪን መጀመር፣ አድራሻን መላክ፣ ጥሪን ማፍረስ የሚሉት ሦስት ተግባራት በዛሬዎቹ የጥሪ ፕሮቶኮሎች ውስጥ ስማቸው ተለውጦ፣ ቁጥራቸው በዝቶ ይገኛሉ።

በ1896 ኪትና የኤሪክሰን ወንድማማቾች የሚሽከረከረውን የቁጥር መደወያ ሠሩ። መደወያው ቆጠራውን ከደንበኛው ጣት ወደ መሣሪያው አዛወረ። ኋላ ሥርዓቱ ሲሻሻል ምልክቱም ንግግሩም በአንድ ጥንድ ሽቦ መጓዝ ቻሉ፤ መደወያው በሽቦው የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በተወሰነ ፍጥነት እየቆራረጠ አኃዙን ይልካል። ለብዙ አሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ ሰዎች ስልክ ሲደውሉ በጆሯቸው ይሰሙት የነበረው ተከታታይ ጠቅታ ይህ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ስትሮውጀር ግን መሣሪያው ዓለምን ሲያዳርስ ለማየት አልታደለም፤ ከትርፉም የደረሰው ጥቂት ነው። በ1896 የፈጠራ መብቶቹን በ1,800 ዶላር ለባልደረቦቹ ሸጠ፤ በ1898 ደግሞ በኩባንያው የነበረውን ድርሻ በ10,000 ዶላር አስተላለፈ። ከዚያም ወደ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ሄዶ ኖረ። በዚያችው ከተማ ሜይ 26 ቀን 1902 በስልሳ ሦስት ዓመቱ አረፈ። መብቶቹ በ1916 በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ።

ከሞቱ በኋላ የሥራው ስርጭት ተፋጠነ። በብሪታንያ የመጀመሪያው ሕዝባዊ አውቶማቲክ ማዕከል በ1912 በኤፕሰም ከተማ በስትሮውጀር ሥርዓት ተተከለ። በአሜሪካ የቤል ኩባንያዎች ለብዙ ጊዜ ከኦፕሬተሮች ጋር ከቆዩ በኋላ፣ በ1919 በቨርጂኒያ ግዛት፣ በኖርፎክ ከተማ ደረጃ በደረጃ የሚሠራውን ማዕከል ሥራ ላይ አዋሉ። በብሪታንያ የመጨረሻው የስትሮውጀር ማዕከል የተነሣው በ1995 ነው። የተንቀሳቃሽ ስልክ ዲጂታል አውታሮች ሲስፋፉ የስትሮውጀር ዘንጎች በአንዳንድ አገሮች ገና ይወጡና ይዞሩ ነበር ማለት ነው።

ከሽቦ ወደ ሽቦ፣ ከሽቦ ወደ አየር

የምልክት መልእክቶች ቀጣይ ታሪክ ስትሮውጀር የፈታው ችግር በሌላ መልክ እንዴት እንደተመለሰ ያሳያል። በረጅም ርቀት መስመሮች ላይ ምልክቶች በድምፅ ቃናዎች መላክ ሲጀምሩ፣ ትእዛዝና ንግግር በአንድ መንገድ መጓዛቸው ቀጠለ። በአሜሪካ አውታር 2,600 ኸርዝ ያለው ቃና መስመሩ ሥራ መፍታቱን ያመለክት ነበር። በ1960ዎቹ አንዳንድ ሰዎች ይህን ቃና ከስልኩ አፍ በማሰማት ማዕከሉን አታልለው ያለ ክፍያ ይደውሉ ጀመር። ማዕከሉ የሚመጣለት ትእዛዝ ከራሱ ወገን ይሁን ከደዋዩ አፍ ለይቶ ማወቅ አልቻለም። የማያዳላው ማሽን የማይጠረጥርም መሆኑ ተገለጠ።

መፍትሔው ትእዛዙን ከንግግሩ መንገድ ማውጣት ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማዕከላት መካከል ለምልክት ብቻ የተመደበ የጋራ መስመር ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1980 ደግሞ በዓለም አቀፍ ደረጃ ኤስኤስ 7 በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ሰባተኛው የምልክት ሥርዓት ጸደቀ። በ1991 በፊንላንድ የንግድ አገልግሎት የጀመረው የጂኤስኤም ተንቀሳቃሽ ስልክ የማዕከላቱን ልውውጥ የገነባው በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው። የመጀመሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት የተላከው ዲሴምበር 3 ቀን 1992፣ ከላ ፖርት ምረቃ በኋላ ልክ በአንድ መቶ ዓመት ከአንድ ወር ነበር። አጭር መልእክት በንግግር መስመር አይሄድም፤ የሚጓዘው ትእዛዞች በሚመላለሱበት በዚያው የምልክት መንገድ ነው። ርዝመቱም በ160 ፊደላት የተወሰነው ከዚያ መንገድ ጠባብነት የተነሣ ነው።

ኦፕሬተሯ ታውቀው የነበረ ነገር

የስትሮውጀር ማሽን ኦፕሬተሯን ሲያስወጣ አድልዎን ብቻ አላስወጣም። በትናንሽ ከተሞች ኦፕሬተሯ ሰዎችን ታውቅ ነበር። ሐኪሙ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ቤት ሄዶ እንደሆነ ጥሪውን ተከትላ ወደዚያ ታደርሰው ነበር። ለኦፕሬተሯ ጥሪ ማለት ሰውን መፈለግ ነበር። ለስትሮውጀር ማሽን ግን ቁጥር የሚያመለክተው ሽቦን እንጂ ሰውን አይደለም። ሐኪሙ ከሽቦው ጫፍ ከተነሣ ደወሉ ባዶ ቤት ውስጥ ይጮኻል።

ተንቀሳቃሽ ስልክ ይህን የጠፋ ዕውቀት መልሶ መገንባት ነበረበት። ስልኩ ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ባለቤቱ ሳይነካው ለአውታሩ የአካባቢ ማሻሻያ መልእክት ይልካል። አውታሩም ደንበኛው ያለበትን ክልል በመዝገቡ ያሰፍራል። ጥሪ ሲመጣ ዋናው አውታር መዝገቡን አይቶ በክልሉ ላሉ ጣቢያዎች የአሰሳ መልእክት ያሰማል፤ የተፈለገው ስልክ የራሱን መለያ ሲሰማ ይመልሳል። የጂኤስኤም የመኖሪያ መዝገብ፣ በኋለኞቹ ትውልዶችም ቦታውን የወረሱት የደንበኞች መረጃ ቋቶች፣ በአንድ በኩል ሲታዩ ሐኪሙ የት እንዳለ ታውቅ የነበረችው ኦፕሬተር ወራሾች ናቸው። ልዩነቱ እርሷ የምታውቀው የአንድን ከተማ ሰው መሆኑና መዝገቡ ግን የሚሊዮኖችን እንቅስቃሴ መያዙ ነው።

ከኦፕሬተሯ ዕውቀት ጋር ኦፕሬተሯ ላይ የነበረው ጥርጣሬም ተመለሰ። ኤስኤስ 7 የተነደፈው የስልክ ድርጅቶች ጥቂት በነበሩበትና እርስ በርሳቸው በሚተማመኑበት ዘመን ነው። ስለዚህ ከሌላ አውታር የመጣ መልእክት እውነተኛ ላኪውን እንዲያረጋግጥ አልተገደደም። አንድ የውጭ አውታር ይህ ደንበኛ አሁን በእኔ ክልል ነው ብሎ መልእክት ከላከ የመኖሪያ መዝገቡ ሊቀበለው ይችላል፤ ለደንበኛው የተላኩ መልእክቶችም ወደ ሐሰተኛው ሥፍራ ይዞራሉ። ተመራማሪዎች በ2014 ይህን ድክመት በይፋ አሳዩ፤ በ2017 ደግሞ በጀርመን ሌቦች በዚሁ መንገድ የባንክ ማረጋገጫ ቁጥሮችን ጠልፈው ገንዘብ መውሰዳቸው ታወቀ። የሐዘንተኛውን ጥሪ ወደ ተፎካካሪው ስለምታዞር ኦፕሬተር የሚነገረው አሮጌ ታሪክ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ በመረጃ ቋት ላይ ተደገመ። በዚህ ጊዜም ተጎጂው ጥሪው እንደተወሰደበት የሚያውቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

የተዘጋው ፖስታ

ለዚህ ጥያቄ በዘመናዊ አውታሮች የተሰጠው መልስ ከስትሮውጀር መልስ ይለያል። እርሱ በመካከል ያለውን አሳቢ አካል አስወገደ። የዛሬዎቹ ነዳፊዎች ደግሞ መካከለኛው መኖሩ የማይቀር መሆኑን ተቀብለው ማንበብና መለወጥ የሚችለውን ይገድባሉ።

በአራተኛውና በአምስተኛው ትውልድ አውታሮች ከስልኩ የሚወጡ የምልክት መልእክቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የሬዲዮ ግንኙነቱን የሚያስተዳድር ሲሆን፣ በስልኩና በአንቴና ጣቢያው መካከል ይጀምራል፤ በዚያው ያበቃል። ሁለተኛው ኖን አክሰስ ስትራተም የሚባለው ነው፤ ምዝገባን፣ ማንነትን ማረጋገጥንና አገልግሎት መጠየቅን የሚመለከት ሲሆን፣ በስልኩና በዋናው አውታር መካከል ይመላለሳል። ጣቢያው ሁለተኛውን ዓይነት መልእክት ተቀብሎ ለዋናው አውታር በሚልከው ሌላ መልእክት ውስጥ እንዳለ ያስቀምጠዋል። ፖስተኛ የታሸገ ደብዳቤ እንደሚያደርስ ያደርሰዋል እንጂ ይዘቱን አይተረጉምም። በሲም ካርዱ ውስጥና በደንበኛው የመኖሪያ አውታር ብቻ የተቀመጠ ምስጢራዊ ቁልፍ አለ። ስልኩና አውታሩ አንዱ ሌላውን በዚህ ቁልፍ ካረጋገጡ በኋላ፣ ቀጣዮቹ መልእክቶች በመንገድ ላይ እንዳይለወጡ ጥበቃ ይደረግላቸዋል፤ ይዘታቸውም ሊመሰጠር ይችላል።

ይህ እርምጃ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። በጂኤስኤም ስልኩ ማንነቱን ለአውታሩ ያረጋግጣል፤ አውታሩ ግን ለስልኩ አያረጋግጥም ነበር። በመሆኑም ሐሰተኛ ጣቢያ አቁሞ ስልኮችን ማታለል ተቻለ። የሁለትዮሽ ማረጋገጫ የመጣው በሦስተኛው ትውልድ ነው። እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ ግን ስልኩ በአንዳንድ አጋጣሚዎች ቋሚ መለያውን በግልጽ ለማሳወቅ ይገደድ ነበር። በአምስተኛው ትውልድ ቋሚ መለያው በመኖሪያ አውታሩ የአደባባይ ቁልፍ ተሸፍኖ የሚላክበት ዘዴ ተበጀ፤ በአውታሮች መካከል ለሚያልፉ መልእክቶችም የድንበር ጥበቃ የሚያደርግ ክፍል በንድፉ ውስጥ ተካተተ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጥበቃዎች አንዳንዶቹ በድርጅቶቹ ፈቃድ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ አሮጌዎቹም ሥርዓቶች ከአዲሶቹ ጎን ለጎን በሥራ ላይ እስካሉ ድረስ ድክመታቸው አብሯቸው ይኖራል።

ማጠቃለያ

የስትሮውጀር ሕይወት ብዙ ጊዜ እንደ አስቂኝ ታሪክ ይነገራል። ቅናተኛ ቀብር አስፈጻሚ በአንዲት ኦፕሬተር ተናዶ የዓለምን ስልክ ለወጠ ይባላል። በቁም ነገር ሲታይ ግን ቅሬታው የግል ጸብ ብቻ አልነበረም። በአውታሩ ጫፍ ላይ ያለ ሰው ትእዛዙ እንደላከው መድረሱን ማረጋገጥ አለመቻሉን ለይቶ ያመለከተ የመጀመሪያው የምልክት ልውውጥ ደኅንነት ችግር ነበር። የሰጠው መፍትሔ በዘመኑ ድንቅ ነበር፤ ግን ከፊል መፍትሔ ሆኖ ቀረ። ሰውን ከመካከል ማስወጣት እምነትን አላስቀረም፤ እምነቱ የሚጣልበትን ቦታ ለወጠ እንጂ። እምነቱ ከኦፕሬተሯ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ምልክት መስመሩ፣ ከምልክት መስመሩ ወደ መዝገቡ ተሸጋገረ፤ በየደረሰበትም ያንኑ ጥያቄ አስነሣ።

ለዛሬ ተመራማሪ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ተግባራዊ ነው። አንድ ፕሮቶኮል ሲነደፍ ወይም ሲመረመር መልእክቱ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በመንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ አካል ምን ማንበብ፣ ምን መለወጥ፣ ወዴት ማዞር እንደሚችል፣ ያንንም ቢያደርግ ደዋዩና ተጠሪው በምን እንደሚያውቁ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስትሮውጀርን ያንገበገበው የጥያቄው የመጨረሻ ክፍል ነበር።

ስትሮውጀር የተቀበረው በሴንት ፒተርስበርግ በግሪንውድ መካነ መቃብር ነው። በመቃብሩ ላይ የቆመው ነጭ የወታደር ድንጋይ ስሙን፣ ማዕረጉንና በፈረሰኛው ክፍለ ጦር ያገለገለበትን ክፍል ብቻ ይመዘግባል። ስለ ስልክ የሚናገረው ነገር የለም።